ብርቱዎቹ ለምን ዝም ብለው ይሄዳሉ?

ወደ ጉዳያችን ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንድታደርጉ ልጠይቃችሁ። አባል የሆናችሁበትን አንድ ስብስብ አስቡ። የመዘምራን ቡድን ሊሆን ይችላል፣ የወጣቶች ኅብረት፣ የሰፈር እድር፣ ወይም በኢንተርኔት የሚገናኙ ጸሐፊዎች ክበብ። ከአምስት ዓመት በፊት በዚያ ስብስብ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ይተጉ የነበሩትን አምስት ሰዎች በየስማቸው ጥሩ። ከአምስቱ ዛሬም ያሉት ስንቶቹ ናቸው? የሌሉትስ መቼ ነው የሄዱት?

አብዛኞቻችን ስማቸውን እናስታውሳለን፤ የሄዱበትን ቀን ግን አናውቀውም። ተጣልቶ የወጣ ሰው ቀን አለው፤ ሽማግሌ ተልኮበታል፣ ብዙ ተወርቶበታል። እነዚህ ግን ከማንም ጋር አልተጣሉም። በመጀመሪያ አርፍደው መጡ። ከዚያ አንድ ሳምንት ቀሩ። ከዚያ ስልክ ሲደወልላቸው "ሥራ በዝቶብኝ ነው" አሉ። በመጨረሻም የሚደውልላቸው ጠፋ። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንን ድምፅ የሌለውን መውጣት ነው። ነገሩ ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ስብስቦች የሚፈርሱት ጠላት ተነሥቶባቸው ሳይሆን በዚህ መንገድ ነው።

የሚሄደው ማን ነው?

የተለመደው መልስ "ስለ ቀዘቀዙ ነው" የሚል ነው። ይህ መልስ ለቀረነው ሰዎች ይመቸናል፤ ጥፋቱን ሁሉ በሄደው ሰው ላይ ይጥላልና። ነገር ግን ነገሩን ቀረብ ብለው ያዩ ሰዎች ያገኙት ከዚህ የተለየ ነው።

ያኮብ ኒልሰን የተባለ የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጽሑፍ በኢንተርኔት ከሚሰባሰቡ 100 ሰዎች መካከል 90ዎቹ አንባቢዎች ብቻ እንደሆኑ፣ 9ኙ አልፎ አልፎ እንደሚሳተፉ፣ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ግን 1 ሰው እንደሆነ አስረድቷል። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከመገናኛ ወደ ካራ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በኮተቤ ሰፈሮች ውስጥ ያለ ማንኛውም የእድር አባል ይህንን ያውቀዋል። መዋጮ የሚከፍለው ሁሉም ነው፤ ሌሊት ተነሥቶ ድንኳን የሚተክሉት፣ ወንበር የሚያወርዱት፣ የጎደለ ድስት የሚፈልጉት ግን ሁልጊዜ እነዚያው ጥቂቶች ናቸው። በቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ነው። የመዘምራን መሪ የሆነው ወንድም የሰንበት ትምህርት አስተማሪም ነው፣ የድምፅ መሣሪያውንም የሚያስተካክለው እርሱ ነው፣ ኮንፈረንስ ሲመጣም ኮሚቴ ውስጥ አለ።

እንግዲህ ከ90ዎቹ አንዱ ቢቀር ማንም ልብ አይልም፤ የቀረው ያ አንዱ ከሆነ ግን ብዙ ነገር አብሮት ይቆማል። ደግሞም ከሁሉ አስቀድሞ የመድከም ዕድል ያለው ያ አንዱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1974 ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በኒውዮርክ ከተማ በአንድ ነጻ ክሊኒክ በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉ ሰዎችን ተመልክቶ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀውን "እየነደዱ ማለቅ" የሚባለውን ድካም ገለጸ። ድካሙ ከሁሉ ይልቅ የሚያጠቃው ሰነፎቹን ሳይሆን ራሳቸውን ሳይቆጥቡ የሰጡትን ነው። ማንም ያላስገደዳቸው፣ ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ "እምቢ" ማለት የማይችሉ ሰዎች ናቸው።

ሌላው ተጠቃሽ ሰው የምጣኔ ሀብት ሊቁ አልበርት ሂርሽማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፉ ሰዎች በአንድ ድርጅት ወይም ማኅበር ቅር ሲላቸው ሁለት መንገድ እንዳላቸው አሳይቷል፤ አንዱ መናገር ነው፣ ሌላው መሄድ። ለሐሳቡ መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ የናይጄሪያ የባቡር አገልግሎት ነበር። የባቡሩ አገልግሎት እየተበላሸ ሲሄድ፣ ጥራት የሚፈልጉትና አጥብቀው ይናገሩ የነበሩት ደንበኞች ዕቃቸውን በጭነት መኪና ማጓጓዝ ጀመሩ። የቀሩት የማይናገሩት ሆኑ፤ ስለዚህ ባቡሩን የሚያስተካክል ድምፅ ጠፋ። ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ለአንድ ነገር አብዝቶ የሚገደው ሰው፣ ነገሩ ሲበላሽ አስቀድሞ የሚታመመውም እርሱ ነው። ተናግሮ ሰሚ ካጣ ደግሞ አስቀድሞ ይሄዳል። ብዙ የማይገደው ግን በቦታው ይቀመጣል። ስለዚህ በስብሰባችን ላይ የተቃውሞ ድምፅ ጠፋ ማለት ሁልጊዜ ሰላም ሆነ ማለት አይደለም።

የጦማሪዎቹ ነገር

ይህ በአገራችን እንዴት እንደታየ ለማየት በኢንተርኔት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይጽፉ የነበሩ ኢትዮጵያውያንን እንመልከት። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ አካባቢ ጀምሮ በአዲስ አበባም በውጭ አገርም ያሉ ሰዎች የየራሳቸውን ገጽ ከፍተው ይጽፉ፣ እርስ በርሳቸውም ይመላለሱ ነበር። አማርኛችንም ለዚህ አዲስ ሥራ ደብዳቤ የሚል ትርጉም ያለውን የቆየ ቃል መልሶ አንሥቶ "ጦማር" አለው፤ ጸሐፊውም "ጦማሪ" ተባለ። ሆኖም በግንቦት 1998 ዓ.ም. ብዙዎቹ ይጠቀሙበት የነበረው ብሎግስፖት በአገር ውስጥ ተዘጋ። ጸሐፊው አዲስ አበባ ተቀምጦ የራሱን ጽሑፍ መክፈት ሲያቅተው፣ አንባቢውም የጎረቤቱ ልጅ መሆኑ ቀርቶ ባሕር ማዶ ያለ ሰው ብቻ ሲሆን፣ መጻፉ ለማን ነው የሚለው ጥያቄ ይመጣል።

በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ዞን 9 የተባለው የወጣት ጦማሪዎች ስብስብ ተመሠረተ። ስሙ የቃሊቲ ማረሚያ ቤት በስምንት ዞኖች መከፈሉን መነሻ ያደረገ ነበር፤ ዘጠነኛው ዞን ከግቢው ውጭ ያለው አገር ነው ለማለት። ይህም ጦማር በአገር ውስጥ እንዳይታይ ተዘጋ። ጸሐፊዎቹ ለወራት ዝም ካሉ በኋላ ወደ ሥራቸው መመለሳቸውን ባስታወቁ በቀናት ውስጥ፣ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ በፀረ ሽብር ሕጉም ተከሰሱ። አምስቱ በ2007 ዓ.ም. ክረምት ተለቀቁ፤ የቀሩትን ፍርድ ቤት በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። ከ260 በላይ የተዘጉ ድረ ገጾች እንደገና የተከፈቱት በ2010 ዓ.ም. ነው።

አንድ ሰው ይህን አይቶ "ይኸው ምክንያቱ ታወቀ፤ ፍርሃት ነው" ሊል ይችላል። ፍርሃት ትልቅ ምክንያት መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ፍርሃት ብቻውን ሁሉን አያስረዳም። ምክንያቱም ድረ ገጾቹ በተከፈቱ ጊዜ የቀድሞው የጦማር መንደር ተመልሶ አልተሞላም። አንባቢው ወደ ፌስቡክ፣ በኋላም ወደ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ሄዶ ነበር። ረዘም ያለ ጽሑፍ አንብቦ በጽሑፍ መልስ ይሰጥ የነበረው ሰው አሁን በአውራ ጣቱ ምልክት ነክቶ ያልፋል። ጸሐፊዎቹም ቢሆኑ የቀዘቀዙ ሰዎች አልሆኑም። ከዞን 9 ሰዎች በኋላ በሰብዓዊ መብት ድርጅት፣ በዩኒቨርሲቲ፣ በምርጫ ቦርድም ያገለገሉ አሉ። ትጋታቸው አልጠፋም፤ ቦታውን ቀየረ እንጂ። ስለዚህ የሄደ ሁሉ ወደ ኋላ የተመለሰ አድርጎ መቁጠር ተገቢ አይደለም።

ማንም ያልታሰረበትና ምንም ያልተዘጋበት ምሳሌም አለ። የእንግሊዝኛው ዊኪፔድያ እ.ኤ.አ. በ2007 ከ51 ሺህ በላይ ንቁ አዘጋጆች ነበሩት፤ በ2013 ቁጥራቸው ወደ 31 ሺህ ገደማ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ነው የረጋው። አጥኚዎች ካገኟቸው ምክንያቶች አንዱ አስተማሪ ነው። ነባሮቹ ሥራው እንዳይበላሽባቸው ሲሉ ያወጡት ጥብቅ ሥርዓትና የሠሩት የማጣሪያ መሣሪያ፣ በቅን ልብ የመጡትን አዳዲሶች የመጀመሪያ ሥራቸውን እየሰረዘ መለሳቸው። ስለዚህ የደከመውን የሚተካ ጠፋ። ነባሩ እረፍት ያጣው ተተኪውን በር ላይ በመለሱበት ጊዜ ነበር።

የመውጫው ደረጃዎች

እንግዲህ ብርቱው አባል በአንድ ቀን አይወጣም፤ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ከደረጃዎቹ ዋና ዋናዎቹን እንመልከት።

አንደኛ፣ ሸክሙ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይሰበሰባል። ሥራ የሚሰጠው ለሚሠራ ሰው ነው፤ የሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ይጨመርለታል። ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ ያየው አማቱ ዮቶር፣ በዚህ ዓይነት እርሱም ሕዝቡም እንደሚዝሉ ነግሮት የሺህ፣ የመቶ፣ የ50 እና የ10 አለቆችን እንዲሾም መከረው (ዘጸ. 18)። ልብ በሉ፤ ምክሩ የመጣው ከውጭ ከመጣ ሰው ነው። ውስጥ ያሉት ሙሴ ሲሠራ ማየት ለምደውት ነበር።

ሁለተኛ፣ መልስ ይጠፋል። ሰው ለመመስገን ብሎ አይደክም ይሆናል። ነገር ግን አንድ ዓመት ሙሉ ሠርቶ የሚሰማው ድምፅ የነቃፊ ብቻ ከሆነ፣ ሥራው ወደ ጉድጓድ የተጣለ ድንጋይ ይመስለዋል። በጽሑፍም በዝማሬም በእድርም ይኸው ነው። ጥሩ ሲሠራ ዝምታ፣ ሲሳሳት ጫጫታ።

ሦስተኛ፣ ኑሮ ይለወጣል። በኮተቤ ይህ በግልጽ ይታያል። ዛሬ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የቀድሞው የመምህራን ኮሌጅ በየዓመቱ ወጣቶችን ተቀብሎ ያስመርቃል፤ ተመራቂው ወደ ተመደበበት ይሄዳል። ሌላው ያገባል፣ ልጅ ይወልዳል። ሌላው ዕጣ ወጥቶለት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ይገባል፤ ትናንት በእግሩ ይመጣበት የነበረው የማክሰኞ ልምምድ ዛሬ የታክሲ ሰልፍ ሆኖበታል። ሌላው ወደ ዐረብ አገር ይሄዳል። እነዚህ ሰዎች ልባቸው አልሄደም፤ ቀናቸው ነው የተቀየረው። ስብስቡ ግን ሰዓቱንም መንገዱንም ሳይቀይር "ድሮ እንዲህ አልነበርክም" ይላቸዋል። ይህን ቃል ሁለት ጊዜ የሰማ ሰው ሦስተኛ ጊዜ ሊሰማው አይመጣም።

አራተኛ፣ የንግግሩ ጠባይ ይበላሻል። በተለይ በስልክ በሚደረግ የቡድን ውይይት ጥቂት ኃይለኛ ተከራካሪዎች ሜዳውን ሲይዙ፣ አስተዋዮቹ አይጣሉም፤ ዝም ይላሉ። በመጀመሪያ የቡድኑን ድምፅ ያጠፋሉ፣ ከዚያ ማንበብ ያቆማሉ፣ ከዚያ ይወጣሉ። ለክርክሩ አሸናፊ የተረፈው ባዶ ክፍል ነው።

አምስተኛና ከሁሉ የሚከፋው፣ ሲቀሩ የሚጠይቃቸው የለም። በፊተኞቹ አራት ደረጃዎች ላይ የቆመ ሰው ገና ሊመለስ ይችላል። ሲጠፋ ማንም እንዳላስተዋለው ሲያውቅ ግን ነገሩ ያበቃል። "የሚፈለገው ሥራዬ እንጂ እኔ አልነበርኩም" ብሎ ይደመድማልና። ሥራውን ሌላ ሰው ሲይዝለት ደግሞ ድምዳሜው ይጸናል።

ቁጥር ሲያድግ የሚደበቅ ጉድለት

አንዳንዶች "እኛ ጋ እንዲህ ያለ ችግር የለም፤ እንዲያውም እየበዛን ነው" ሊሉ ይችላሉ። መብዛት ግን ይህን ጉድለት ከመፈወስ ይልቅ ሊደብቀው ይችላል። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ100 ኢትዮጵያውያን 10 ገደማ የነበሩት የፕሮቴስታንት ምእመናን በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ18 በላይ ሆነዋል። አዳራሽ ሲጠብ ድንኳን ተጨምሯል፣ ሁለተኛ ፕሮግራም ተከፍቷል። በፊት በር አሥር ሰው በሚገባበት ቤት በኋላ በር ሦስት ሰው ቢወጣ ወንበሩ ባዶ ሆኖ አይታይም። ነገር ግን የገቡት አሥሩ አዲሶች ናቸው፤ የወጡት ሦስቱ ደግሞ አዲሶቹን ሊያስተምሩ የሚችሉት ናቸው። ቆጠራው አትራፊ ሆኖ ቤቱ ይከስራል።

እድር የሚያውቀው ነገር

ታዲያ ሰውን ይዞ የሚያቆይ ስብስብ የለም ወይ? አለ፤ በራችን ላይ ነው ያለው። የአዲስ አበባ እድሮች ብዙ ሥርዓትና መንግሥት ሲለዋወጥ ያዩ ናቸው። ወደ ሩቅ ኮንዶሚኒየም የተዛወሩ ብዙ ሰዎች ሌላውን ሁሉ ሲተዉ የድሮ ሰፈራቸውን እድር ግን አልተዉም፤ ወሩ ሲደርስ ሁለት ታክሲ ተሳፍረው መጥተው ይከፍላሉ።

ምሥጢሩ ምንድን ነው? እድር የስም መዝገብ አለው። ጡሩምባ ተነፍቶ ቀብር ላይ ያልተገኘ ሰው ስሙ ይጠራል፣ ቅጣትም አለበት። ቅጣቱ ጥቂት ብር ይሆናል፤ ትርጉሙ ግን ትልቅ ነው። "አለመኖርህን አይተናል" ማለት ነውና። ደግሞም የሥራ ድርሻው የታወቀ ነው፤ ሰብሳቢው፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ በምርጫ ይገባሉ፣ በምርጫ ይወርዳሉ። ከሁሉም በላይ ግን የምታገለግለው ሰው ነገ በተራው አንተን ያገለግልሃል፤ ዛሬ ድንኳን የተከልክለት ጎረቤት በሐዘንህ ቀን ውኃ ይቀዳልሃል።

እድርን ያለ ነቀፋ ማድረጋችን ግን አይደለም። ቅጣቱን ከፍሎ ራሱን የሚያስቀር ባለ ገንዘብ አለ። "ሌላ ሰው የለም" እየተባለ ለዓመታት ወንበር ላይ የተተወ፣ ውረድ የሚለው አጥቶ የዛለ ሰብሳቢም አለ። ሆኖም በአንድ ነገር ከብዙ ስብስቦቻችን ይበልጣል፤ ማን እንደ ጎደለ ያውቃል። በኢንተርኔት የሚገናኙ ክበቦች ያጡት ይህንን ነው። ሺህ ሰው በተመዘገበበት ቡድን ውስጥ የአንድ ሰው ዝምታ ከሌላው ዝምታ አይለይም። ቤተ ክርስቲያኖቻችንም በበዙ መጠን ወደዚያው እየሄዱ እንዳይሆን ልንሠጋ ይገባናል።

ምን ይደረግ?

መፍትሔው አዲስ መዋቅር ወይም ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ቢያንስ አራት ነገሮችን ማድረግ ይቻላል።

በመጀመሪያ፣ በየቡድናችሁ የቀረውን የሚጠይቅ ሰው በስም ይመደብ። ሁሉም ይጠይቃል የተባለ እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ሦስት ጊዜ የቀረ ሰው ይጎብኝ። ጥያቄው "ለምን ቀረህ?" ሳይሆን "ደህና ነህ ወይ?" ይሁን። የመጀመሪያው ክስ ነው፤ ሁለተኛው ሰውዬውን ይፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ አገልግሎት ዘመን ይወሰንለት። ሁለት ዓመት ያገለገለ ሰው በክብር ያርፍ፤ ከፈለገ ኋላ ይመለሳል። በሩ የታወቀ መውጫ ከሌለው ሰው በመስኮት ይወጣል።

ሦስተኛ፣ አዲሱን ሰው ከነስሕተቱ ተቀበሉት። የመጀመሪያ ሥራው ጎደሎ ይሆናል። ብርቱውን ከሸክም የሚያሳርፈው ያ ጎደሎ ሠራተኛ ነው፤ ነገ ብርቱ የሚሆነውም እርሱ ነው።

አራተኛ፣ የሚሄደውን በሰላም ሸኙት። ዮሐንስ ማርቆስ ከጴርጌን ተለይቶ ወደ ኢየሩሳሌም በተመለሰ ጊዜ (ሐሥ. 13፥13) ጳውሎስ ነገሩን እንደ መክዳት ቆጠረው፤ በእርሱም ምክንያት ከበርናባስ ጋር ተለያዩ። በርናባስ ግን ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ ሄደ (ሐሥ. 15፥37-39)። ከዓመታት በኋላ ያው ጳውሎስ በእስር ሳለ ማርቆስን ይዞት እንዲመጣ ለጢሞቴዎስ ጻፈ፤ ለአገልግሎት ይጠቅመዋልና (2 ጢሞ. 4፥11)። በመካከል የሆነውን ሁሉ አናውቅም። አንድ ነገር ግን እናውቃለን፤ ማርቆስ በወደቀበት ቀን አንድ ሰው ፈልጎት ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ በመጀመሪያ ወደ ጠራችኋቸው አምስት ስሞች ተመለሱ። ከሌሉት መካከል አንዱን ምረጡ። ስልኩ ምናልባት አሁንም እጃችሁ ላይ ይኖራል። ወደ አገልግሎት ተመለስ ልትሉት አትደውሉ፤ ኮሚቴ ውስጥ ሰው ስለ ጎደለም አትደውሉ። እንደ ጠፋ እንዳስተዋላችሁ ብቻ ንገሩት። ይህን ቃል ለዓመታት የጠበቀ ሰው ሊሆን ይችላል።